የኪጋሊው ክሮኖ ውድድር ነበር፤ ያውም የምር

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ወሬው ስለ ወንዶች የዓለም ሻምፒዮና የብስክሌት ክሮኖ ነው። ለማያውቅ ባጭሩ፦ ክሮኖ ማለት ተወዳዳሪዎች በየተራ፣ አንድ በአንድ እየተነሱ የተለካ መንገድ ብቻቸውን የሚጋልቡበት ውድድር ነው። ትንሽ ሰዓት የፈጀ ያሸንፋል። አለቀ።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነው ኪጋሊ ላይ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም. የተደረገው ክሮኖ ነው። የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አፍሪካ ውስጥ ሲካሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቤልጅየማዊው ሬምኮ ኤቨነፑል 40.6 ኪሎ ሜትሩን በ49 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። ጽሑፉ ግን ይህን ድል ከምንም አልቆጠረውም። ውድድሩንም ጭምር።

ጥሩ የተጻፈ ነው፤ ይህን አልክድም። ቀልዱ ያስቃል፣ አረፍተ ነገሩ ይፈስሳል። ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ግን ዋና ዋና ነጥቦቹ አይቆሙም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ክሮኖ ፉክክር የለውም ይላሉ። ሰው ከሰው አይተናነቅም፣ ስልት የለም፣ ተመልካች ቁጭ ብሎ ሰዓት ሲቆጥር ይውላል። ቀጥለው ነገሩ ሁሉ የብስክሌት ፋብሪካዎችና የቴሌቪዥን ፈጠራ ነው፣ የሚያሸንፈውም እግር ሳይሆን መሐንዲስ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ የኪጋሊው ጭራሽ ክሮኖ አልነበረም፤ ዳገቱና ከፍታው አበላሽቶታል፣ ዋና ተቀናቃኙ ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻርም ደክሞት ስለነበር ድሉ ድል አይባልም ባይ ናቸው። በመጨረሻም አፍሪካ ከማስተናገድ ያለፈ ድርሻ የላትም፣ ለኛ ልጆችም የሚሆን ነገር አይደለም፣ ከሻምፒዮናው ቢወጣ የሚጎዳ የለም ብለው ይዘጋሉ።

እሺ። ከፉክክሩ እንጀምር።

ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም ስፖርት አይደለም የሚለው ክርክር ከኢትዮጵያዊ ሲመጣ ይገርማል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ ከማን ጋር ነበር የሚሮጠው? ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሲገባስ? አፍጥጠን የምናየው ከኋላ ያለውን ሰው አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ የሚቆጥረውን ሰዓት ነበር። ያኔ ማንም ተነስቶ ይህ ስፖርት አይደለም አላለም። በዚያ ላይ ለክብረ ወሰን የሚሮጥ ሰው አሯሯጭ ይመደብለታል። ክሮኖ ላይ አሯሯጭ የሚባል ነገር የለም።

ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በጎዳና ውድድር፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲጋልብ፣ ከፊቱ ያለውን ተጠግቶ ከነፋስ የተከለለ ሰው ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይቆጥባል። ስለዚህ እዚያ ሁልጊዜ ጠንካራው አያሸንፍም። ብልጡ ያሸንፋል፣ ጥሩ ቡድን ያለው ያሸንፋል፣ አንዳንዴም ሌሎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ሹልክ ያለው ያሸንፋል። እኔም የጎዳና ውድድርን የምወደው ለዚህ ነው። ክሮኖ ግን ተማሪ ለየብቻ ተቀምጦ እንደሚፈተነው ፈተና ነው፤ ኩረጃ የለም። ከኋላ የመጣ ሰው ቢደርስብህና ቢያልፍህ እንኳ ተለጥፈህ መከተል አትችልም። ሕጉ ርቀት እንድትጠብቅ ያስገድድሃል፤ ካልጠበቅክ ትቀጣለህ።

ስልት የለውም የሚለው ደግሞ ውድድሩን ቀረብ ብሎ ካለማየት የመጣ ነው። ከነፋስ ጋር ያለው ሒሳብ ጨካኝ ነው። ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር የሚጠየቀው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ ከዚያ እጅግ በላይ ይጨምራል። ሜዳና ቁልቁለት ላይ አቅምህን ብታፈስ የምታተርፈው ጥቂት ሰከንድ ነው። ዳገት ላይ ያፈሰስከው ግን ብዙ ሰከንድ ይመልስልሃል። ስለዚህ ጋላቢው የት እንደሚያወጣ፣ የት እንደሚቆጥብ፣ የትኛውን ኩርባ ፍሬን ሳይነካ እንደሚዞር አስቀድሞ ይወስናል። መጀመሪያ ላይ በስሜት ከነደደ መጨረሻ ላይ ይከፍላል። ጉልበቱን ቆጥቦ ከገባ ደግሞ የተረፈው አቅም ለምንም አይሆነውም። ሰውነትህ ለ50 ደቂቃ ያህል ቁም ቁም ሲልህ የሒሳቡን መስመር ሳትለቅ መጋለብ ስልት ካልተባለ ስልት ምንድን ነው?

ደግሞስ ፉክክር የሌለበት ነገር እንዴት እንዲህ ይቀራረባል? እ.ኤ.አ. በ2022 አውስትራሊያ፣ ዎሎንጎንግ ላይ ኖርዌያዊው ቶቢያስ ፎስ ስዊዘርላንዳዊውን ስቴፋን ኪዩንግን የበለጠው በ2.95 ሰከንድ ነው። በ2024 ዙሪክ ላይ ኤቨነፑል ጣሊያናዊውን ፊሊፖ ጋናን በ6.43 ሰከንድ ቀደመው። ያን ዕለት ሊነሳ ሰከንዶች ሲቀሩት ካቴናው ወልቆ ነበር። ጉልበቱን የሚለካለት መሣሪያም አልሠራ ብሎት 46 ኪሎ ሜትሩን በስሜቱ ብቻ ነው የጋለበው። ኪጋሊ ላይም ነሐስ ያገኘው ኢላን ቫን ዊልደርና አራተኛ የወጣው ፖጋቻር የተለያዩት በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ከ50 ደቂቃ በላይ ተጋልቦ በአንድ ሰከንድ ሜዳሊያ ማጣት! ለፖጋቻር ሄዶ ፉክክር አልነበረም የሚለው ካለ ይሞክር።

ሰው ከሰው ሲተናነቅ ካላየሁ ለሚል ደግሞ የኪጋሊው ራሱ መልስ ነው። ኤቨነፑል የተነሳው ከፖጋቻር 2 ደቂቃ ተኩል ዘግይቶ ነበር። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ፣ ኪሚሁሩራ የምትባለው የኮብልስቶን ዳገት ላይ፣ ደረሰበት። አለፈውም። ፖጋቻር እኮ ያን ጊዜ የዓለም የጎዳና ሻምፒዮን ነው። ሦስት ሳምንት የሚፈጀውን ታላቁን የፈረንሳይ ውድድር፣ እ.ኤ.አ. የ2025ቱን ቱር ደ ፍራንስንም ያሸነፈው እሱ ነው። በዘመኑ አንደኛ የሚባለው ጋላቢ ሜዳ ላይ እንዲህ ሲታለፍ የታየበት ሌላ ቀን ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። በቴሌቪዥን ሲታይ ክሮኖ ሊያሰለች ይችላል። መካከለኛ ሰዓቶቹ በቅጡ ካልታዩ ማን እየመራ እንደሆነ አይታወቅም፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲጋልብ ታያለህ፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲጋልብ ታያለህ። ይህ እውነት ነው። ግን የስርጭት ችግር ነው። ካሜራው ስላላሳየው ፉክክሩ አልነበረም ማለት አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ የፋብሪካና የቴሌቪዥን ፈጠራ ነው ወደሚለው።

ታሪኩ ይህን አይልም። እንግሊዝ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በጎዳና በጅምላ መሽቀዳደም ከፖሊስ ጋር ስላጋጨ የብስክሌተኞቹ ማኅበር ራሱ አገደው። ፍሬድሪክ ቢድሌክ የሚባል ሰው መላ ዘየደ። እ.ኤ.አ. በ1895 ጋላቢዎቹን እያራራቀ አንድ በአንድ እየለቀቀ የ50 ማይል ውድድር አዘጋጀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እንግሊዛውያን ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ሰው ሳያያቸው ከሰዓት ጋር ሲሽቀዳደሙ ኖሩ። መንገዶቹ ሳይቀር በምስጢር ቁጥር ይጠሩ ነበር። ጸሐፊው የቴሌቪዥን ፈጠራ ያሉት ነገር የተወለደው እንዳይታይ ተደብቆ ነው። ቱር ደ ፍራንስም የመጀመሪያውን ክሮኖ ያስገባው በ1934 ነው፤ ቴሌቪዥን ማን ቤት ነበር? የዓለም ሻምፒዮናው የወንዶች ክሮኖ ዘግይቶ በ1994 ሲሲሊ ላይ መጀመሩ እውነት ነው። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። ግን ነገሩ ያኔ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው ነበር።

መሐንዲሱ ነው የሚያሸንፈው የሚለው ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። ከጽሑፉ ጠንካራው ክፍል ይህ ነው።

ጸሐፊው ድፍኑን ቸርኬ፣ ረጅሙን ሄልሜት፣ የተጣበቀውን ልብስ ጠቅሰው ሥዕሉን አሳምረውታል። እኔ ደግሞ ያልጠቀሱትን ልጨምርላቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን ላይ አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ሲመራ ከነበረው ፈረንሳዊ ሎሮን ፊኞን በጠቅላላ ሰዓት 50 ሰከንድ ወደ ኋላ ነበር። ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ቀርቷቸዋል። ለሞንድ ክንድ የሚያሳርፍ፣ ወደፊት የተዘረጋ መሪ ገጠመ። ፊኞን ያን መሪ አልገጠመም። ቱሩ በ8 ሰከንድ ወደ ለሞንድ ሄደ። ያን ቀን ዕቃው አልወሰነም ብዬ አልከራከርም።

ነገር ግን ያ የሆነው አንዱ ዕቃው ኖሮት ሌላው ስላልነበረው ነው። ዛሬ ከላይ ያሉት ሁሉም አላቸው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም ሕጉን አጥብቋል። ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም ማነስ የለበትም። ክንድ የሚያርፍበት ርዝመትና ከፍታ ገደብ አለው። ካልሲ እንኳ እስከ የት መድረስ እንዳለበት ተጽፏል። ከመነሳትህ በፊት ብስክሌትህ ተለክቶ ነው የምትለቀቀው።

ኪጋሊ ላይ ማን ምን እንደጋለበ ማየት ደግሞ ይህን ክርክር ከሥሩ ይነቅለዋል። አንደኛ የወጣው ኤቨነፑልና ሦስተኛ የወጣው ቫን ዊልደር ያን ዓመት የሶዳል ኩዊክ ስቴፕ ጋላቢዎች ነበሩ። ሁለተኛ የወጣው አውስትራሊያዊው ጄይ ቫይንና አራተኛው ፖጋቻር ደግሞ ሁለቱም የዩኤኢ ቡድን ናቸው። በዓለም ሻምፒዮና የአገርህን ማሊያ ትለብሳለህ እንጂ ብስክሌቱ የክለብህ ነው። እንግዲህ አንደኛና ሦስተኛ አንድ ዓይነት ብስክሌት፣ ሁለተኛና አራተኛ አንድ ዓይነት ብስክሌት። አንደኛውና ሦስተኛው መካከል ግን ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ አለ። ሁለተኛውና አራተኛው መካከል ከ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በላይ። መሐንዲሶቹ እነዚያው ከሆኑ ይህ ሁሉ ደቂቃ ከየት መጣ?

ከሰውየው ነው የመጣው። በዚያ ፍጥነት ጋላቢን ከሚገታው ኃይል ትልቁ ከፊት የሚጋፋው አየር ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብስክሌቱ ሳይሆን የጋላቢው ገላ ነው። ዙሪክ ላይ የተቀደመው ፊሊፖ ጋና 1 ሜትር ከ93 ነው፤ ግዙፍ ሞተር ያለው ሰው። ኤቨነፑል 1 ሜትር ከ71 ነው። ትንሹ ሰውዬ ጭንቅላቱን በትከሻው መካከል ቀብሮ፣ ጀርባውን አለስልሶ፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ለሚቀርብ ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቆያል። እንደዚያ ተጣጥፎ ሙሉ ጉልበት ማውጣት ዓመታት የሚፈጅ ሥልጠና ነው። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ አምስት ደቂቃ ሞክሩት። አንገታችሁ ይነግራችኋል።

ገንዘብ ሁልጊዜ ያሸንፋል ለሚል ደግሞ ግሬም ኦብሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ አለ። ነገሩ ከጎዳና ወጣ ብሎ ትራክ ላይ ቢሆንም ከሰዓት ጋር የሚደረግ ፍልሚያ ነውና እዚህ ይገባል። ኦብሪ ብስክሌቱን የሠራው ራሱ ነው። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ ኩሽኔታ ገጥሞበታል። ፍራንቼስኮ ሞዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ሳይንቲስት ከብቦት፣ ያስመዘገበውን የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን በ1993 በዚያች ብስክሌት ሰበረው። 51.596 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት! ማኅበሩ በኋላ ብስክሌቷ ላይ የሚቀመጥበትን ልዩ አኳኋን አገደበት፤ ይህም ያሳዝነኛል። ግን ሰውየው ሥራ አጥ እንጂ ሀብታም አልነበረም።

ሦስተኛው የኪጋሊ ጉዳይ ነው። ዳገት ስለበዛበት ክሮኖ አይባልም የተባለው።

680 ሜትር ገደማ ሽቅብ አለው፤ ልክ ነው። ክሮኖ ግን ሜዳ ላይ ብቻ ይሁን ያለ ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖርዌይ፣ በርገን ላይ ማጠናቀቂያው ፍሎየን የሚባል ተራራ ላይ ነበር። ዳገቱ ሥር ብስክሌት መቀየር እንኳ ተፈቅዶ ነበር። ፕሪሞዥ ሮግሊች ቀየረ። ቶም ዱሙላን አልቀየረም፣ አሸነፈም። በ2016 ዶሃ ላይ ደግሞ መንገዱ ሜዳ፣ ሙቀቱ እሳት ነበር፤ ቶኒ ማርቲን አሸነፈ። መንገዱ የሚመቸው ሰው ከዓመት ዓመት ይለያያል። ጸሐፊው መንገዱን የሚመርጠው አካል ለግዙፎቹም ተራ ይስጥ ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። እሳቸው ግን ያሉት ዳገት ካለበት ክሮኖ አይደለም ነው።

ከፍታው? ኪጋሊ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። በ1995 ሻምፒዮናው ኮሎምቢያ ውስጥ ዱይታማ ሄዶ ነበር፤ ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ክሮኖውን ያሸነፈው ከስፔን የሄደው ሚጌል ኢንዱራይን ነው፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ሰው። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በማራቶን ወርቅ ሲያገኝ ከፍታ ነው የሰጠው ብሎ ድሉን የሚያራክስ ሰው ቢመጣ ምን እንላለን? ለዚያውም ለብስክሌተኛ ቀጭን አየር ሁለት ስለት አለው። ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ግን የሚገታህ ነፋስም ይቀንሳል። ኤዲ መርክስ በ1972 የሰዓት ክብረ ወሰኑን ለመስበር ሜክሲኮ ድረስ የሄደው ለዚህ ነው። ሁሉም የተነፈሰው አንድ አየር ነው።

ስለ ፖጋቻር ድካም ብዙ አልልም። ከሳምንት በፊት ካናዳ ሲወዳደር ነበር፤ ድካሙ ተራ ሰበብ አይደለም። ነገር ግን የመስቀል ማግስት፣ እሑድ፣ እዚያው ኪጋሊ 267.5 ኪሎ ሜትሩን የጎዳና ውድድር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀር ጥቃት ከፍቶ አሸነፈ። ውድድሩን የጨረሱት 30 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛ ማን ወጣ? ኤቨነፑል። ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈረንሳይ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ክሮኖ ደግሞ ኤቨነፑል ፊሊፖ ጋናን ከ40 ሰከንድ በላይ ቀደመው። እዚያ የኪጋሊ ከፍታ የለም፤ መንገዱም አብዛኛው ሜዳ ነው። ከዚያ በፊትም ስኮትላንድ ላይ በ2023፣ ዙሪክ ላይ በ2024፣ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በዝናብ፣ በሁሉም አንደኛ። የኪጋሊው ሦስተኛው ተከታታይ የዓለም ድሉ ነው። ዕድል ነው የሚባለው ስንት ጊዜ ድረስ ነው?

የቀረው የአፍሪካ ነገር ነው። እዚህ ጸሐፊው የተናገሩት ምሬት ይገባኛል።

በወንዶች ክሮኖ የዓለም ሻምፒዮና ለአፍሪካ አገር የተመዘገበ ሜዳሊያ የለም። በ2017 ነሐስ ያገኘው ክሪስ ፍሩም ናይሮቢ ቢወለድም የጋለበው ለብሪታንያ ነው። ለክሮኖ ብቻ የተሠራ ጥሩ ብስክሌት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ሻምፒዮናው ሲካሄድ የኪጋሊ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሰነበቱ፤ ይህንንም ጸሐፊው በትክክል አንስተዋል። በምሥራቅ ኮንጎ ጦርነት የተነሳ ሩዋንዳ ማስተናገድ የለባትም ያሉም ነበሩ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሩዋንዳ ከውድድሩ ስድስት ወር ገደማ በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ ከቤልጅየም ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነቷን አቋርጣ ነበር። መስከረም ላይ የቤልጅየም መዝሙር ኪጋሊ ላይ ተዘመረ። ስፖርት አንዳንዴ ያሾፋል።

ከዚህ ተነስቶ ግን ክሮኖ ለአፍሪካ አይሆንም ማለት ሌላ ነገር ነው። የኤርትራ ጋላቢዎች በአፍሪካ ሻምፒዮና የቡድን ክሮኖ (አንድ ቡድን አብሮ ከሰዓት ጋር በሚጋልብበት) ለዓመታት ሲያሸንፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቱር ደ ፍራንስ ላይ በዳገት ለሚበልጥ የሚሰጠውን የተራራ ንጉሥ ማሊያ የለበሰው ዳንኤል ተኽለሃይማኖት በግል ክሮኖም ከአንድ ጊዜ በላይ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበር። የኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ቱሩ ክሮኖ አለውና ክሮኖውንም ጋልቧል። ወደ ኋላ ከሄድን ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ በሆነው በ1956ቱ የሜልበርን ኦሎምፒክ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። ብስክሌት ትናንት የመጣብን ነገር አይደለም። መቀሌ ሄዶ የጠየቀ ሰው ይነግራችኋል።

ዘግይቶ የጀመረ አይደርስም የሚል ቢመጣም አያስኬድም። ሮግሊች ከስሎቬኒያ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር። በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ አድጎ ብስክሌት የያዘው ከ20 ዓመቱ በኋላ ነው። በ2017 የዓለም ክሮኖ ብር አገኘ፣ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ወርቅ። ኪጋሊ ላይ ሁለተኛ የወጣው ቫይን የፕሮፌሽናል ውል ያገኘው ቤት ውስጥ በሚጋለብ የኢንተርኔት ውድድር አሸንፎ ነው። ለኛ ይህኛው መንገድ ቀላል አይደለም፤ መጋለቢያው ዶላር ይጠይቃል፣ መብራቱም እንዳይጠፋ ጸሎት ያስፈልገዋል። ኤቨነፑል ራሱ እስከ 17 ዓመቱ ድረስ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር።

እንዲያውም ክሮኖ ከብስክሌት ውድድሮች ሁሉ ለድሃ ፌዴሬሽን የሚቀለው ይመስለኛል። የጎዳና ውድድር ለመማር በመቶ ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል መጋለብ አለብህ። ያ መንጋ ያለው አውሮፓ ነው፤ ለመድረስ ቪዛ ያስፈልጋል። ስንት አፍሪካዊ ጋላቢ በቪዛ ምክንያት ውድድር እንዳመለጠው ስፖርቱን የሚከታተል ያውቃል። ለክሮኖ ግን የተለካ መንገድና ሰዓት ይበቃል። የአንድን ታዳጊ አቅም ያለ ቡድን፣ ያለ አጋዥ፣ ያለ ዕድል ማየት የሚቻልበት ሌላ ውድድር ካለ ይነገረኝ።

ዋጋው ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው ብያለሁ፤ መፍትሔውም እዚያው አጠገቡ አለ። በብሪታንያ የአገር ውስጥ ክሮኖዎች በተራ የጎዳና ብስክሌት የሚወዳደሩ ሰዎች ለብቻቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል። ውድ ዕቃ ያለው ከውድ ዕቃ ጋር፣ የሌለው ከሌለው ጋር። ይህ በአፍሪካ ሻምፒዮናና በዓለም የታዳጊዎች ክሮኖ ላይ ቢደረግ ማን ይከለክላል? ፋብሪካዎች ያጉረመርሙ ይሆናል። ያጉረምርሙ።

ከኪጋሊ ቀጥሎ ያለው ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. የ2026ቱ የሞንትሪያል ነው። ጸሐፊው ክሮኖው ይውጣ የሚለውን ትተው በታዳጊዎች ደረጃ ሁሉም በተራ ብስክሌት ይወዳደር ብለው ሌላ ጽሑፍ ቢጽፉ፣ መጀመሪያ ሼር የማደርገው እኔ ነኝ።